የጉግሣ ልጆች፣ የኃይለ ሥላሴ ልጆች

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ራያ ሜዳ ሲገባ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ እንደ ቅጽር የከበቡት፣ ሆርማትና ጎሊና በክረምት ከደጋው አፈር እየጠረጉ የሚወርዱበት፣ በመኸርም ወራት ማሽላው ቆሞ የሚሄደውን ሰው የሚሰውርበት ሰፊ ቆላ ይገኛል፤ የዚህም ቆላ ገበያውና ፍርድ ቤቱ፣ መናኸሪያውና ትምህርት ቤቱ ያለው በቆቦ ከተማ ነው። በዚችው ከተማ በእህል ተራው ዳር፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ፣ ጆንያ ከጋሪ አውርዶ ላቡን የሚጠርገውን ወጣት በከዘራቸው ጫፍ አስቁመው ሲጠይቁት ሰማሁ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የካሣ፣ አባባ።»

«ካሣማ ሞልቷል፤ የትኛው ካሣ?»

«የሮቢቱ።»

«የሐሰን ልጅ?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«በል እንግዲያ፣ የእኛው ነህ» አሉና፣ አያቱ ሐሰን ከየትኛው ቤት እንዳገባ፣ የአያቱ እኅት ወደ ዋጃ ለማን እንደ ተዳረች፣ ከዚያም የሽማግሌው የአጎት ልጅ በየት በኩል ወደዚያ ቤት እንደ ገባ፣ ወጣቱ ጆንያውን ተደግፎ እያዳመጠ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ ያስረዱት ጀመር። የወጣቱን የራሱን ስም ግን እስከ መጨረሻው አልጠየቁትም፤ እርሱም ሳይጠየቅ አልተናገረም። የክርስቲያን ስም ያለው ካሣ የእስላም ስም ካለው ከሐሰን መወለዱም ከሁለቱ አንዱን እንኳ አላስገረመም፤ በራያና በወሎ ምድር እስላሙና ክርስቲያኑ ሲጋቡና ሲዋለዱ ስለኖሩ፣ የአንድ ሰው ሐረገ ትውልድ ወደ ላይ በተቆጠረ ቁጥር መስጊድና ቤተ ክርስቲያን እየተፈራረቁ መምጣታቸው የተለመደ ነገር ነውና።

በዚህ አጭር ጥያቄና መልስ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም የሚሠራበት ሥርዓት ከነሙሉ ባሕርይው ይታያል። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ደግሞ የወላጁ ምስክርነት እንጂ የቤት ስም አይደለም። ሴት ልጅ ባገባች ጊዜ የባሏን ስም አትይዝም፤ ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች ደግሞ በባል ስም እየተጠሩ ሦስት ልዩ ልዩ የአባት ስም ይኖራል። የአባት ስም ዕድሜው አንድ ትውልድ ነው፤ በልጁ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ይቆያል፣ በልጅ ልጁ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከዚያም ትውልድ የሚቆጥር ሽማግሌ ካልጠራው በቀር ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ አንድ የአባት ስም የያዙ ሁለት ሰዎች መንትያ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ ከመገናኘታቸው በስተቀር አንዳች የሚያገናኛቸው ላይኖር ይችላል። ስሙ ብቻውን በዚህም በዚያም ሊመሰክር አይችልም።

ከአውሮፓ አሕዛብ መካከል ይህን ልማድ አጥብቃ የያዘችው በሰሜን አትላንቲክ ባሕር ላይ ያለችው የበረዶና የእሳተ ገሞራ ደሴት አይስላንድ ናት። አራት መቶ ሺህ የማይሞላው ሕዝቧ፣ ከጥቂት ቤተሰቦች በቀር፣ እንደ እኛው በአባት ስም ይጠራል፤ ልዩነቱ እነርሱ በአባቱ ስም ጫፍ ላይ ለወንድ «ሶን»፣ ለሴት «ዶቲር» የሚል መጨመራቸው ብቻ ነው። የስልክ ማውጫቸው የሚደረደረው በአባት ስም ሳይሆን በሰውየው በራሱ ስም ነው፤ ፕሬዚዳንታቸውንም ተራው ሰው በስሙ ይጠራዋል። በእ.ኤ.አ. 1925 ደግሞ አዲስ የቤት ስም ማውጣትን በሕግ ከለከሉ። አባቱ ሲጉርዱር የሚባል አይስላንዳዊ እጅግ ብዙ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ልደቱ ጁን 17 ቀን የአገሪቱ የነፃነት በዓል የሆነለት፣ በእ.ኤ.አ. 1944 የተመሠረተውም ሪፐብሊክ በዚያው ቀን የታወጀለት አርበኛው ዮን ሲጉርድሶን ነው፤ ሌላዋ ከእ.ኤ.አ. 2009 እስከ 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዮሃና ሲጉርዳርዶቲር ናቸው፤ ሦስተኛዋ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ ይርሳ ሲጉርዳርዶቲር ናት። ሦስቱን በአንድ ዝርዝር ላይ ያየ የሩቅ አገር ሰው ታላቅ የሲጉርዱር ሥርወ መንግሥት ያገኘ ይመስለዋል፤ የተገኘው ግን ሦስት ልዩ ልዩ አባት ነው።

ለእኛ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ነገሩ አዲስ ሊሆን አይገባውም። ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከል ያዕቆብ የሚባሉ ሁለት ስለ ነበሩ፣ ወንጌላውያኑ አንዱን ወልደ ዘብዴዎስ፣ ሌላውን ወልደ እልፍዮስ እያሉ በአባታቸው ለይተዋቸዋል። ዮሐንስም ወልደ ዘብዴዎስ ነው፤ እርሱና ያዕቆብ ወንድማማቾች መሆናቸውን ግን ያወቅነው ወንጌሉ በግልጥ ስለ ነገረን እንጂ ስማቸው ስለ ተመሳሰለ አይደለም። ቀራጩን ሌዊን ማርቆስ ወልደ እልፍዮስ ይለዋል፤ እርሱና ያዕቆብ ወልደ እልፍዮስ ወንድማማቾች ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ጥያቄ መተርጉማንን ዘመን ከዘመን ሲያከራክር ኖሯል። የቆቦው ሽማግሌ በዚያ ዘመን ቢገኙ ኖሮ «የትኛው እልፍዮስ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ፣ የእህል ተራው ወጣት አባት ስም የሆነው ካሣ ራሱ ያስተምረናል። የታሪክ መጻሕፍታችን ካሣ ኃይሉ የሚሏቸው ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የመጀመሪያው ከቋራ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠውና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ በመቅደላ አምባ ላይ የሞተው ነው። ሁለተኛው በ1873 ዓ.ም. የተወለዱት፣ በአባታቸው በደጃዝማች ኃይሉ በኩል ከላስታ መሳፍንት፣ በእናታቸው በኩል ደግሞ ከሸዋው ከራስ ዳርጌ የሚወለዱት ልዑል ራስ ካሣ ናቸው። ራስ ካሣ በ1928 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦር አዝዘው፣ ከቆቦ በአላማጣና በኮረም በኩል በሚወጣው መንገድ ላይ ባለችው በማይጨው፣ መጋቢት 22 ቀን በተደረገው ጦርነት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰልፈዋል። ጦሩ ከተፈታ በኋላ የራስ ካሣ ልጆች በአገር ውስጥ ቀርተው ሲዋጉ፣ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ በላስታ አካባቢ፣ ደጃዝማች አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ በፍቼ፣ ሦስቱም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። እነዚህ የአባታቸውን ስም በአንድነት የያዙ እውነተኛ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸውን ከቴዎድሮስ ጋር በስም ያገናኛቸው ግን አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ማውጫ ብቻ እየተመለከተ የሚሄድ ተማሪ የመቅደላውን ንጉሥ በማይጨው ሲያገኘው ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ለዚህ አካባቢ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ስም ግን ጉግሣ ነው። ከቆቦ በስተደቡብ የሚጎራበተው የጁ፣ በዘመነ መሳፍንት የጎንደርን ነገሥታት በእጁ አስገብቶ አገር ያስተዳደረ ቤት የወጣበት ምድር ነው፤ ከዚህም ቤት ረጅም ዘመን የገዛው ራስ ጉግሣ በእ.ኤ.አ. 1825 ሲሞት ልጆቹ በተራ ተከተሉት። መጀመሪያ ይማም ጉግሣ፣ ቀጥሎ ማርዬ ጉግሣ፣ ከእርሱም በኋላ ዶሪ ጉግሣ የራስነቱን ወንበር ያዙ። ማርዬ በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ከትግሬው ገዥ ከሰባጋዲስ ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ ዶሪም ወንበሩን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ አረፈ። እኅታቸው ሂሩት ጉግሣ ደግሞ የሰሜኑን ደጃዝማች ኃይለ ማርያምን አገባች፤ በአይስላንድ ብትወለድ ኖሮ የስሟ ጫፍ ከወንድሞቿ በተለየ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ሴት በመሆኗ ከአባቷ ስም ላይ አንዳች አልተጨመረባትም፣ አንዳችም አልተቀነሰባትም።

ከዶሪ በኋላ ወንበሩን የያዘው የወንድሙ የአሉላ ልጅ ነው። እነሆ በዚህ ጊዜ የሚሆነውን እንመልከት፤ ቤቱ ያው የጁ ቤት ነው፣ ሥልጣኑ ያው የራስ ጉግሣ ሥልጣን ነው፣ ወራሹም የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ነው፤ ስሙ ግን ራስ አሊ አሉላ ነውና ጉግሣ የሚለው ስም ከቤቱ ላይ ጠፋ። የቤት ስም ባላቸው አገሮች ቢሆን ኖሮ የዚህ ቤት መሪዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ሥልጣን ሦስት ትውልድ ሲሻገር ስም ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ያንን ራስ አሊን በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል አድርጎ የየጁን ዘመን የዘጋው ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው።

ጉግሣ ግን እንደ ገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ የአባት ስም ሳይሆን የሰው ስም ሆኖ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የየጁው ገዥ ራስ ወሌ ብጡል እኅትና ወንድም ናቸው፤ ዘራቸውም ከራስ ጉግሣ ይቆጠራል። ራስ ወሌ ልጃቸውን ጉግሣ ብለው ሰየሙ፤ የአባት ስም ባንድ ትውልድ ቢጠፋም ቅድመ አያትን በልጅ ላይ አስነሥቶ የመሰየም ልማድ ያንን ጉድለት እንዲህ ይሞላዋል። ይህ ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበረው፣ የራያንና የአዘቦን ዐመፅ እንዲያበርድ ታዝዞ በኋላ ራሱ ከአዲስ አበባ መንግሥት ጋር የተጣላውና መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የወደቀው ነው። የማይጨውም ጦርነት የሆነው ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው መጋቢት 22 ቀን ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ምሥጢር ይኑረው ብዬ ሳይሆን፣ ነገር በመመሳሰሉ ብቻ ዝምድና አለው ለሚል ሰው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነው።

በዚያው ዘመን በትግራይ ሌላ ራስ ጉግሣ ነበሩ፤ እኚህ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የልጅ ልጅ ራስ ጉግሣ አርአያ ናቸው። ልጃቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ይባላል። ስለዚህ የአባትን ስም እንደ ቤት ስም የሚያነብ ሰው፣ ከይማም ጉግሣ፣ ከማርዬ ጉግሣና ከዶሪ ጉግሣ ቀጥሎ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣን ቢጽፍ፣ የየጁን ቤትና የትግራይን ቤት በአንድ ብዕር አጋብቷል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ይህ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅን አግብቶ ነበር፤ ልዕልቲቱም ስሟ ዘነበ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ነው። ሚስት የባሏን ስም በምትይዝበት አገር የተወለደ አንባቢ ይህን ሲያይ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይጠራጠር «ከባሏ ስም ተጠራች» ይላል፤ ግን ያ ኃይለ ሥላሴ ባሏ ሳይሆን አባቷ ነው። ልዕልት ዘነበ ወርቅ በ1926 ዓ.ም. ዐረፈች። ባሏም ጣሊያን ድንበር ተሻግሮ በመጣ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ወገኑን ከድቶ ወደ ጠላት ገባ፤ ከነፃነትም በኋላ ተፈርዶበት ታሰረ።

የአባት ስም ከአባት ጋር አብሮ መለወጡ ደግሞ ለብቻው የሚያስደንቅ ነው። የወሎው መሐመድ ዓሊ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በ1870 ዓ.ም. ተጠምቆ ሚካኤል በተባለ ጊዜ፣ ገና ያልተወለደው ልጁ ኢያሱ የሚጠራበት ስም በዚያው በጥምቀት ውኃ ተወሰነ። ኢያሱ ሚካኤልና እኅቱ ስሂን ሚካኤል፣ እርሷም በደሴ ትምህርት ቤት በስሟ የተሰየመላት፣ የእቴጌ መነን እናት የሆነችው ወይዘሮ፣ አንድ አባት ያላቸው ከልዩ ልዩ እናት የተወለዱ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ልጅ ኢያሱን ከዙፋን ባስወረደው ወገንና በኢያሱ መካከል የነበረውን የሥጋ ዝምድና አያየውም፤ የራስ ተፈሪ ሚስት መነን አስፋው የኢያሱ የእኅት ልጅ ናትና።

ከዚህም ወደ ሌላ የስም ለውጥ እንሻገራለን። ራስ ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በጥምቀት ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተፈሪ ልጆች ሁሉ የኃይለ ሥላሴ ልጆች ሆኑ። አስፋ ወሰን፣ ተናኜ ወርቅ፣ መኮንንና ፀሐይ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ አባታቸው ሲቀባ ሁለተኛ ስማቸው አብሮ ተቀባ። ነገር ግን ይህን ስም በአባትነት ይዞ የቆየ ሌላ ታላቅ ሰው አስቀድሞ ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ተፈሪ ከተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1885 ዓ.ም. ነው፤ ከተፈሪም ጋር በሐረር በራስ መኮንን ቤት አብረው አድገው ተምረዋል። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ የሚባሉ መኰንን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ አይደሉም። ራስ እምሩ ለንጉሡ የሥጋ ዘመድና የልጅነት ባልንጀራ ሲሆኑ፣ ንጉሡ ስማቸውን በለወጡ ማግስት፣ ሳይወዱ በግድ፣ ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው የእኩያቸው ልጅ መስለው ታዩ።

ይህ ጉዳይ ከቀልድነት አልፎ ከፖለቲካ ጋር የተጋጨው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ፣ በወሩ በ4ኛው ቀን ማታ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ መንግሥቱን በእጃቸው አስገቡ፤ በራዲዮም የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ቃል ተነገረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ራስ እምሩ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚያ ሰሞን ዜናውን በውጭ አገር የሚያነብ ሰው ምን ሊገምት እንደሚችል አስቡት፤ አስፋ ወሰን ኃይለ ሥላሴ በአገር መሪነት፣ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጠቅላይ ሚኒስትርነት፣ ኃይለ ሥላሴ የሚባል ንጉሥም በውጭ አገር። ከዚህ የተነሣ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ላይ ተነሡ ቢል ማን ሊወቅሰው ይችላል? በነገሩ ውስጥ በእርግጥ ወንድማማቾች ነበሩ፤ እነርሱ ግን ነዋይ የሚለውን ስም የያዙት ሁለቱ ናቸው።

ዐመፁ ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ብዙዎቹ በጥይት ተገደሉ። ከእነርሱም አንዱ መኮንን ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ ወንድማቸው አክሊሉ ሀብተ ወልድ ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሌላው ወንድማቸው አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም በሚኒስትርነት አገለገሉ። የአንድ የቤተ ክህነት ሰው ስም በአንድ ጊዜ በካቢኔው ወንበሮች ላይ ተደጋግሞ የተጻፈበት ዘመን ያ ነው፤ ያም ስም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ከተረሸኑት ሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ እንደ ገና ተደጋግሞ ተገኘ። በአረንጓዴው ሳሎን ከወደቁት ሌላው ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ፤ ልጃቸው ራስ መንገሻ ሥዩም በኋላ ትግራይን አስተዳድረዋል። መንገሻ ሥዩምን ይወልዳል፣ ሥዩምም መንገሻን ይወልዳል፤ እንዲሁ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትራችን መኮንን እንዳልካቸው እንዳልካቸው መኮንንን ወልደዋል። እንዳልካቸው መኮንንና ተፈሪ መኮንን ደግሞ የአባታቸው ስም አንድ ሲሆን አባታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ አሁን አንባቢዬ ይህን ሳልነግረው እንደሚጠረጥር ተስፋ አለኝ።

በዚያች ባለ ታሪክ ዓመት መባቻ፣ ማለት ዐመፁ ከመነሣቱ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉም በ32ኛው አንቀጽ ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የራሱ ስም፣ ደግሞም የአባት ስም ይኖረዋል፤ በአስተዳደር ጽሕፈትም ላይ የቤተ ሰብ ስሙ ከሁሉ ይቀድማል ሲል ደነገገ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ለዳኛ፣ ለግብር ሰብሳቢና ለውርስ ክርክር የሚመች፣ ትውልድ ሲያልፍ የማይጠፋ ምልክት ለማኖር ነው። ነገር ግን ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ተቃውሞ ያነሣም አልነበረም፣ ዝም ብሎ እንደ ቀድሞው መጠራቱን ቀጠለ። በእኔ አስተያየት ሕዝቡ ልክ ነበር። የቤተ ሰብ ስም ሰውን ለአንድ የአባት ወገን ብቻ አስሮ የእናትን ወገን ይቀብራል፤ ጣይቱ በምኒልክ ስም ተጠርታ ቢሆን ኖሮ፣ የየጁና የሰሜን ደም በታሪካችን ውስጥ የት እንደ ገባ ዛሬ ማን ያየው ነበር? ልማዱ ችግር የለበትም ማለቴ ግን አይደለም፤ ችግሩን ለማየት ከእህል ተራው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሻገር ይበቃል።

በቆቦ እንደ ሌላው አገር ሁሉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚደረግበት ጠረጴዛ አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገውና ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ የተጀመረው ይህ ምዝገባ ስምን፣ የአባትን ስምና የአያትን ስም ይጠይቃል፤ የአያት ስም ማለት ሕጉ ያለመው የቤተ ሰብ ስም ሳይሆን፣ ሕዝቡ ራሱ በልማድ የፈጠረው ሦስተኛ ምስክር ነው። ሦስቱም ስም የሚመሳሰልባቸው ሰዎች ግን ይገኛሉ፤ ባንክ ለአንዱ የመጣውን ገንዘብ ለሌላው እንዳይሰጥ፣ ፍርድ ቤት አንዱ ያጠፋውን በሌላው ላይ እንዳይጽፍ የእናት ስም ይጠየቃል፣ ፎቶግራፍ ይያያዛል፣ አሁን ደግሞ ፋይዳ የተባለው የመታወቂያ ቁጥር ከጣት አሻራ ጋር ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ሟቹን በጸሎት ስታነሣ በክርስትና ስሙ ብቻ ትጠራዋለች፤ የአባት ስም የሚያስፈልገው ለምድራዊው ዳኛ ነውና።

የቆቦው ሽማግሌ አቆጣጠር ከቀበሌውም ከባንኩም የሚለየው በዓላማው ነው። የእርሳቸው «የትኛው ካሣ?» ማለት ወጣቱን ከሌላ ሰው ለመለየት ሳይሆን፣ ከእርሳቸው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለማግኘት ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ደም የፈሰሰ እንደሆነም ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የገዳይና የሟች ወገን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው የአባት ስም የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፤ ስድስቱ በቃል ይጠናሉ፣ በእናት በኩልም እንዲሁ። አይስላንዳውያን ይህንኑ ትውልድ የመቁጠር ሥራ ከታላቅ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ጋር አገናኝተው፣ በእ.ኤ.አ. 2013 በእጅ ስልክ እንዲነበብ አድርገውታል፤ ሁለት ወጣቶች ከመፈቃቀራቸው በፊት በስንት ትውልድ እንደሚገናኙ ስልካቸው ይነግራቸዋል። በእኛ ዘንድ መዝገቡ ያለው በሽማግሌዎች ቃል ላይ ነው፤ እነርሱም ሲያልፉ ሳይገለበጥ ያልፋል።

በዘመናችን ደግሞ የአባት ስም በዓለም አደባባይ ላይ ወጥቶ በሯጮች ደረት ላይ ይታያል። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ዲባባ ከአርሲ በቆጂ አካባቢ የወጡ እኅትማማቾች ናቸው። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በቤይጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ገንዘቤ ዲባባ በ1500 ሜትር ወርቅ ካገኘች ከአምስት ቀን በኋላ፣ ማሬ ዲባባ የማራቶኑን ወርቅ አገኘች፤ ብርሃነ ዲባባም በዚያው ዓመት የቶኪዮን ማራቶን አሸንፋ ነበር። ማሬና ብርሃነ ከበቆጂዎቹ እኅትማማቾች ጋር የሚያገናኛቸው የአባት ስም ብቻ ሲሆን፣ የውጭው የስፖርት ተናጋሪ ሁሉንም «ዲባባ» እያለ በአባታቸው ስለሚጠራቸው፣ አንዲት ቤት ከ1500 ሜትር እስከ ማራቶን ዓለምን የወረሰች መስላ ትሰማለች። አዲስ አበባ ላይ ግን ሩጫውን በራዲዮ የሚከታተለው ሰው «ማሬ» ወይም «ገንዘቤ» ሲባል ይሰማልና አይሳሳትም።

በውጭ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን ግን ነገሩ ከስሕተት አልፎ ኑሮ ሆኗል። ከ1967ቱ ሟቾች አንዱ የሆኑት፣ ከራስ ካሣ ልጆች ከጣሊያን እጅ የተረፉት ልዑል አሥራተ ካሣ፣ ልጃቸውን አስፋ ወሰን ብለው ሰይመውት ነበር፤ እርሱም በጀርመን አገር ኖሮ በጀርመንኛ ስለ ጨዋነት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ ሲታወቅ፣ አሥራተ የሚለው የአባቱ ስም በዚያ አገር የቤት ስም ሆኖ ተመዘገበ። እንዲሁ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚወለዱት ልጆች ከአባታቸው ስም ይልቅ የአያታቸውን ስም በሁለተኛነት ይዘው ያድጋሉ፤ አባት በፓስፖርቱ ላይ በመጨረሻ የተጻፈውን ስም የአገሩ ሕግ የቤት ስም አድርጎ ስለሚወስደው ነው። ሁለት ወንድማማቾች በልዩ ልዩ ዘመን ሲሰደዱ፣ አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕዳን ሆነው የሚገኙበትም ጊዜ አለ፤ ወንድምነታቸውንም ለስደተኞች ጽሕፈት ቤት ለማስረዳት ከአገር ቤት የልደት ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤና የሦስት ምስክሮች ቃል ማስመጣት ያስፈልጋቸዋል።